ያረጀ ኮኛክ እንዴት ይቀመሳል? ከጠርሙሱ ወረቀት እስከ ባዶው ብርጭቆ

ብዙ ቤት ቡፌ ውስጥ አንድ ያልተከፈተ የኮኛክ ጠርሙስ አይጠፋም። ከውጭ የመጣ ዘመድ ከኤርፖርት ገዝቶ ያመጣው ነው። «ለትልቅ እንግዳ ይቀመጥ» ይባላል። ምርቃት ወይም መልስ ሲደርስ ይከፈታል። በመለኪያ ይቀዳል፣ በአንድ ጉንጭ ይገባል፣ በላዩ ኮካ ይጠጣበታል። ጉሮሮ አቃጠለ ከመባሉ በቀር ስለ ጣዕሙ የሚያወራ ሰው የለም።

ይሄ ነገር ሁሌም ይቆጨኛል። ጠርሙሱ ላይ ኤክስ.ኦ. የሚል ከሆነ፣ በዚያች መለኪያ ውስጥ ያለው መጠጥ ብዙውን ጊዜ አሥር ዓመትና ከዚያ በላይ በርሜል ውስጥ ተኝቷል። ወይኑን የለቀሙት፣ እሳቱን ሌሊት የጠበቁት፣ ከበርሜል በርሜል ያገላበጡት ሰዎች ልፋት በመዓዛና በጣዕም ተቀምጦ ይጠብቃችኋል። እሱን ለማግኘት የተለየ ምላስ አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ቅደም ተከተልና ትንሽ ትዕግሥት ነው።

እዚህ የምጽፈው ሁሉ በአንድ ነገር ላይ የቆመ ነው። ብርጭቆው ውስጥ ያለ እያንዳንዱ መዓዛ መነሻ አለው። አንዱ ከወይኑ፣ አንዱ ከማንጠሪያው፣ አንዱ ከእንጨቱ፣ አንዱ ደግሞ ከዕድሜው ይመጣል። መነሻውን ያወቀ ሰው የሚፈልገውን ስለሚያውቅ ያገኘዋል።

መጀመሪያ ወረቀቱን አንብቡ

እኛ ጋ ቡናማ ቀለም ያለው ጠንካራ መጠጥ ሁሉ «ኮኛክ» ሲባል ይሰማል። በሕግ ግን ኮኛክ የሚባለው በደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ፣ በሻራንት ወንዝ ዙሪያ፣ ኮኛክ የምትባለውን ከተማ ይዞ ካለው ክልል የሚወጣው የወይን አረቄ ብቻ ነው። የክልሉ ድንበር እ.ኤ.አ. በ1909 ተሠምሯል። ከዚያ ውጭ የተሠራው ጥሩ ብራንዲ ሊሆን ይችላል፤ ኮኛክ ግን አይደለም።

ቀጥሎ ፊደሎቹን እዩ። ቪ.ኤስ. ማለት ቢያንስ 2 ዓመት በርሜል ውስጥ የቆየ ነው። ቪ.ኤስ.ኦ.ፒ. ቢያንስ 4 ዓመት፣ ናፖሊዮን 6፣ ኤክስ.ኦ. 10፣ ኤክስ.ኤክስ.ኦ. ደግሞ 14 ዓመት ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ኮኛክ አብዛኛውን ጊዜ ቅይጥ ነው፤ ፊደሉ የሚናገረው በቅይጡ ውስጥ ስላለው ታናሽ ነው። አንድ ኤክስ.ኦ. ውስጥ የ10 ዓመቱ ከ30 ዓመቱ ጋር አብሮ ሊኖር ይችላል። ኤክስ.ኦ. ራሱ እስከ እ.ኤ.አ. 2018 ድረስ ዝቅተኛው 6 ዓመት ነበር። ስለዚህ ቡፌ ውስጥ ለብዙ ዓመት የተቀመጠ ኤክስ.ኦ. ካላችሁ በአሮጌው ሕግ የተሠራ ሊሆን ይችላል።

ቡፌ ውስጥ የተቀመጠበት ጊዜ ደግሞ አይቆጠርም። ኮኛክ የሚያረጀው በርሜል ውስጥ ብቻ ነው። ጠርሙስ ውስጥ ከገባ በኋላ ሃያ ዓመት ቢቀመጥም ቪ.ኤስ.ው ያው ቪ.ኤስ. ነው።

ወረቀቱ ላይ የቦታ ስም ካለ እሱ ከፊደሎቹ ይበልጥ ይናገራል። የኮኛክ መሬት በስድስት ይከፈላል፦ ግራንድ ሻምፓኝ፣ ፕቲት ሻምፓኝ፣ ቦርደሪ፣ ፋን ቧ፣ ቦን ቧ እና ቧ ኦርዲኔር። ሻምፓኝ የሚለው ስም ከሚንቧቧው ወይን ጋር አያገናኘውም። ግራንድ ሻምፓኝ አፈሩ ኖራማ ነው። ከዚያ የሚወጣው አረቄ ገና ልጅ እያለ ቁጡ ነው፤ ሲያረጅ ግን የሚደርስበት የለም። «ፊን ሻምፓኝ» የሚል ካያችሁ የግራንድና የፕቲት ሻምፓኝ ቅይጥ ነው፤ ቢያንስ ግማሹ ከግራንድ ሻምፓኝ መሆን አለበት።

ለመማር የምትገዙ ከሆነ የእኔ ምክር ይሄ ነው። አንድ ውድ ጠርሙስ ከምትገዙ፣ ከአንድ ቤት ሁለት ትንንሽ ጠርሙሶች ግዙ፤ አንዱ ቪ.ኤስ.ኦ.ፒ.፣ ሌላው ኤክስ.ኦ. ይሁን። ዕድሜ ምን እንደሚሠራ የሚገባችሁ ጎን ለጎን ስታደርጓቸው ነው። ብቻውን የተቀመሰ ኤክስ.ኦ. «ጥሩ ነው» ከማለት በላይ ብዙም አያናግርም።

ብርጭቆው ውስጥ ያለው ከየት መጣ?

የአካባቢውን ማሳ ከሞላ ጎደል የያዘው ዩኒ ብላን የሚባል ነጭ ወይን ነው። ከእሱ የሚጠመቀው ወይን ጠጅ ለገበታ የሚመረጥ አይደለም። ቀጭንና ጎምዛዛ ነው፤ አልኮሉም 9 በመቶ አካባቢ ነው። ለኮኛክ ግን የሚፈለገው እንዲህ ያለው ነው። ወይኑ ላይ ሰልፈር መጨመር አይቻልም፤ ስለዚህ እስኪነጠር ድረስ ከመበላሸት የሚጠብቀው ጎምዛዛነቱ ነው። አልኮሉ ዝቅ ማለቱ ደግሞ ብዙ ወይን ወደ ትንሽ አረቄ እንዲጠራቀም ያደርጋል። አንድ ሊትር አረቄ ለማግኘት ዘጠኝ ሊትር ያህል ወይን ይፈጃል። የአበባና የፍሬ ሽታው ሁሉ በዚያች አንድ ሊትር ውስጥ ይታመቃል።

ዳግም አረቄ ሲወጣ ያየ ሰው የማንጠሩ ሥራ እንግዳ አይሆንበትም። ወይኑ በመዳብ ማንጠሪያ፣ በቀጥታ እሳት ሁለት ጊዜ ይነጠራል። በመጀመሪያው ዙር 30 በመቶ ገደማ አልኮል ያለው ደፍረስ ያለ ፈሳሽ ይወጣል። በሁለተኛው ዙር ባለሙያው መጀመሪያ የሚመጣውን ኃይለኛ ሽታ ያለውን «ራስ» ይለያል። መካከለኛውን «ልብ» ያስቀራል። መጨረሻ የሚመጣውን ከበድ ያለ «ጅራት» እንደገና ይለየዋል። ልቡ 70 በመቶ ገደማ አልኮል አለው፤ እንደ ውሃ ጥርት ያለ ነው። ይህ ሁሉ ወይኑ ከተለቀመ በኋላ እስከ ማርች 31 ማለቅ አለበት። የበርሜል ዕድሜውም ከአፕሪል 1 ጀምሮ ይቆጠራል።

አንድ ዝርዝር ነገር እዚህ ላይ ያዙልኝ፤ ኋላ ይጠቅመናል። አንዳንዱ ቤት ወይኑን አጥልሎ ያነጥራል። ሌላው ከነእርሾ አተላው ያነጥረዋል። እ.ኤ.አ. በ1715 የተመሠረተው ማርቴል ጥርት ያለውን ወይን ሲመርጥ፣ በ1724 የተመሠረተውና በፊን ሻምፓኝ የታወቀው ሬሚ ማርቲን አተላውን ይጠቀምበታል። የመጀመሪያው ቀለል ያለና ለስላሳ አረቄ ያወጣል። ሁለተኛው ወፍራምና ቅባታም ያለ ነው። ከዓመታት በኋላ የሚመጣው የዕድሜ መዓዛ ዋና መነሻ ከዚያ እርሾ የሚመጡት ቅባታም አሲዶች ናቸው።

ከዚያ ኦክ በርሜል ይመጣል። እንጨቱ በዋናነት ከሁለት የፈረንሳይ ጫካዎች ነው። የሊሙዛን ኦክ የእንጨቱ መስመር ሰፋ ያለ ነው፤ ታኒን ማለትም አፍ የሚያጥፈውን ንጥረ ነገር በብዛት ይሰጣል። የትሮንሴው ደቃቅ ነው፤ ታኒኑ ያነሰ፣ ሽታው የበዛ ነው። በርሜል ሠሪው እንጨቱን በእሳት ሲያጎብጠው ውስጡ ይጠበሳል። ቫኒላው፣ ካራሜሉ፣ የተጠበሰ ዳቦ የሚመስለው ሽታ የሚወለደው እዚያ ነው። አዲስ አረቄ መጀመሪያ አዲስ በርሜል ውስጥ ለወራት ይቀመጣል። እንጨቱ እንዳያፍነው ቀጥሎ ወደ አሮጌ በርሜል ይዛወራል።

በየዓመቱ ከበርሜሉ 2 በመቶ ገደማ ይተናል። ፈረንሳዮች ይህንን «የመላእክት ድርሻ» ይሉታል። በአልኮሉ ትነት የሚኖር ጥቁር ሻጋታ ደግሞ የመጋዘኖቹን ጣሪያና ግድግዳ ያጠቁራል። ኮኛክ ከተማ የሄደ ሰው የትኛው ቤት መጋዘን እንደሆነ ከግድግዳው ቀለም ያውቃል። መጋዘኑ እርጥብ ከሆነ አልኮሉ ይበልጥ ይተናል፤ መጠጡ ክብና ለስላሳ ይሆናል። ደረቅ ከሆነ ውሃው ይበልጥ ይሄዳል፤ መጠጡ ጠንከርና ደረቅ ያለ ጠባይ ይይዛል። እንጨቱ የሚበቃውን ያህል ከሰጠ በኋላ በጣም ያረጀው አረቄ ከበርሜል ወጥቶ ዳም ዣን በሚባሉ ትልልቅ የመስታወት ጋኖች ይቀመጣል። ዕድሜው እዚያ ላይ ይቆማል።

ብርጭቆውና ክፍሉ

መለኪያውን ተዉት። በፊልም የምናየውን ሆዱ ትልቅ ብርጭቆም ተዉት። ሰፊው ሆድ አልኮሉን ሰብስቦ ወደ አፍንጫ ይወረውረዋል፤ ለስለስ ያለውን መዓዛ ሁሉ ያፍነዋል። የሚሻለው እግር ያለው፣ ወገቡ ጎበጥ ብሎ አፉ ጠበብ ያለ ብርጭቆ ነው። ቤት ውስጥ ካለው ትንሹ የነጭ ወይን ብርጭቆ ይበቃል።

በሻማ ወይም በሙቅ ውሃ ማሞቅ አያስፈልግም። ሙቀቱ አልኮሉን ብቻ ያስነሣዋል። በረዶም አታስገቡ፤ ብርዱ መዓዛውን ይዘጋዋል። ከ18 እስከ 20 ዲግሪ ያለው የክፍል ሙቀት በቂ ነው። ባሕረ ሰላጤው አገር ያላችሁ ወይም ቆላ አካባቢ የምትኖሩ ግን ጠርሙሱን ለትንሽ ጊዜ ፍሪጅ ውስጥ አስገብታችሁ ብታወጡት ይሻላል።

ቤት ውስጥ ቡና እየተቆላ ወይም ዕጣን እየጨሰ ከሆነ ሰዓቱን ቀይሩት። ሁለቱም ደስ የሚሉ ሽታዎች ናቸው፤ ኮኛኩን ግን ይውጡታል። ሽቶም እንደዚያው ነው።

ከ20 እስከ 30 ሚሊ ሊትር ቅዱ። ከዚያ አሥራ አምስት ደቂቃ ያህል ተዉት። ለቪ.ኤስ. ይህን ያህል መጠበቅ አያስፈልግም። ያረጀው ግን ከጠርሙስ እንደወጣ ዝም ያለ ነው፤ አየር ሲያገኝ ነው መናገር የሚጀምረው።

ቀለሙ ላይ አትቆዩ

ቀለም ብዙ አይናገርም። ጥቁር ስለሆነ አርጅቷል ማለት አይቻልም፤ ምክንያቱም ካራሜል ጨምሮ ቀለም ማስተካከል የተፈቀደ ነው። ብርጭቆውን ዘንበል አድርጋችሁ ጠርዙን እዩ። በደንብ ያረጀ ኮኛክ ብዙ ጊዜ ጠርዙ ላይ ወርቃማ ወይም ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ነጸብራቅ ያሳያል። ከዚያ ወደ አፍንጫ እለፉ።

አፍንጫ፦ ዋናው ሥራ

ብርጭቆውን ሳታሽከረክሩ ደረታችሁ ላይ ያዙት። እዚያ ላይ ሆኖ የሚሸታችሁ ነገር ካለ ኮኛኩ ጉልበት አለው። ከዚያ ቀስ ብላችሁ ወደ አገጭ አምጡት። አፋችሁን ትንሽ ክፈት አድርጉ። አፍ ሲዘጋ አልኮሉ በሙሉ በአፍንጫ ይገባና ሌላውን ይሸፍናል። ብርጭቆው ጠርዝ ላይ ስትደርሱ አጭር አጭር አሽትቱ፤ በረጅሙ አትሳቡ። በረጅሙ ከሳባችሁ አፍንጫችሁ ደንዝዞ ለደቂቃዎች ምንም አይሰማም።

በዚህ በመጀመሪያው ዙር የሚመጣው ቀላሉ፣ ቶሎ የሚተነው ነው። አብዛኛው ከወይኑና ከማንጠሪያው የመጣ ነው። የወይን አበባ፣ የሎሚ ልጣጭ፣ ፒር፣ ኮክ ፈልጉ። በቦርደሪ መሬት የተገኘ ከሆነ የቫዮሌት አበባ ሽታ ይኖረዋል። ቫዮሌትን በአበባነቱ የማታውቁት ከሆነ ጥሩ ሳሙና ሲከፈት የሚመጣውን ለስላሳ የዱቄት ሽታ አስቡ።

አሁን ብርጭቆውን በቀስታ አሽከርክሩት። ጠብቁና እንደገና አሽትቱ። የሚመጣው ከበድ ያለው ነው፤ እንጨቱ ይገባል። ቫኒላ፣ ቀረፋ፣ ቅርንፉድ፣ ገውዝ፣ ማር፣ የተጠበሰ ለውዝ። ወጥ ቤት ውስጥ ያደገ አፍንጫ እዚህ ላይ ትልቅ ጥቅም አለው። ቅርንፉድና ኮረሪማን ለይቶ የሚያውቅ ሰው ኮኛክ ውስጥ ያለውን ቅመም ለማግኘት አይቸገርም። የፈረንሳይ ቀማሾች የሚሰጡትን ስም መሸምደድ አይጠበቅባችሁም። ለእናንተ ኮረሪማ ከሸተተ ኮረሪማ ብላችሁ ጻፉት።

በዚህ ደረጃ አንድ ፍርድ መስጠት ትችላላችሁ። የእንጨቱ ሽታ ፍሬውን አሸንፎታል? ቫኒላው ከፊት ሆኖ ከኋላው ምንም ከሌለ እጠራጠራለሁ። ሕጉ ከእንጨት የተቀቀለ ጭማቂ መጨመርን ይፈቅዳል፤ በእሱ ወጣት አረቄ ያረጀ ማስመሰል ይቻላል። በእውነት ያረጀ ኮኛክ ውስጥ እንጨቱና ፍሬው ተላምደዋል። የአንዱ መጨረሻና የሌላው መጀመሪያ አይታወቅም። ፍሬውም ተለውጧል። ትኩስ የነበረው ደርቋል፦ በለስ፣ ዘቢብ፣ የደረቀ ፕሪም፣ በስኳር የተቀቀለ የብርቱካን ልጣጭ። ቪ.ኤስ.ኦ.ፒ.ውንና ኤክስ.ኦ.ውን ጎን ለጎን አድርጋችሁ ከሆነ ይህ ልዩነት ወዲያው ይታያል። ቪ.ኤስ.ኦ.ፒ.ው ላይ ኮክና ቫኒላ ሲመጣ ኤክስ.ኦ.ው ላይ በለስና ቆዳ ይመጣል።

ራንሲዮ፦ የዕድሜ ሽታ

ሰዎች ለአሮጌ ኮኛክ ያን ያህል ገንዘብ የሚከፍሉት በዚህ ምክንያት ነው። ራንሲዮ የሚባለው ከአሥር ዓመት ገደማ በኋላ ብቅ የሚል፣ ሃያውን ሲያልፍ የሚጠልቅ መዓዛ ነው። በወጣት ኮኛክ ውስጥ አይገኝም፤ በስኳርም በካራሜልም አይሠራም።

ቀደም ብዬ ያልኩትን የእርሾ አተላ አስታውሱ። ከእሱ የመጡት ቅባታም አሲዶች በርሜል ውስጥ ዓመት በዓመት ከአየር ጋር ቀስ እያሉ ይገናኛሉ። ተለውጠውም ኬቶን የሚባሉ ውሁዶች ይሆናሉ። ሰማያዊ ሻጋታ ላለው የሮክፎር አይብ ሽታውን የሚሰጡትም የእነዚህ ቤተሰብ ናቸው። ስለዚህ ራንሲዮ በመሠረቱ የቅባት መብሰል ነው። እኛ ደግሞ ይህንን ለመረዳት ሩቅ አንሄድም። ለጋ ቅቤንና በሳል ቅቤን በሽታ ብቻ የሚለይ ሰው ራንሲዮን ለማወቅ ግማሹን መንገድ ሄዷል። በሳል ቅቤ ላይ ያለው ያ ጠለቅ ያለ፣ ትንሽ ሻከር ብሎ የሚጣፍጥ ሽታ፣ በጣም ቀጥኖና ረቅቆ ኮኛክ ውስጥ አለ።

እንዴት ይፈለጋል? ከሁለተኛው ዙር በኋላ ብርጭቆውን ለአምስት ደቂቃ ተዉት። ስትመለሱ አታሽከርክሩት። አፍንጫችሁን ከጠርዙ ትንሽ ከፍ አድርጋችሁ ፍሬውንና ቫኒላውን አሳልፉ። ከሥር የሚቀረውን ፈልጉ። መጀመሪያ የዋልነት ሽታ ይመጣል። ከዚያ እንጉዳይ፤ ትኩሱ ሳይሆን የደረቀው። ዝናብ የነካው የጫካ መሬት፣ የበሰበሰ ቅጠል፣ የቆየ ቆዳ፣ የሲጋር ሳጥን ይከተላል። በጣም ያረጀ፣ ሠላሳ ዓመት ያለፈው ላይ ሰንደልና የሐሩር ፍሬ፣ በተለይ ፓሽን ፍሩት የሚመስል ነገር ይመጣል። ያን ያህል ዘመን የተቀመጠ መጠጥ እንደገና ትኩስ ፍሬ መሽተቱ ሁልጊዜ ያስደንቀኛል።

መጀመሪያ ስትሞክሩ ላታገኙት ትችላላችሁ። ይህ የተለመደ ነው። ራንሲዮ ለብዙ ሰው የሚገለጠው መነጻጸሪያ ሲኖር ነው። ከቪ.ኤስ.ኦ.ፒ.ው ወደ ኤክስ.ኦ.ው፣ ከኤክስ.ኦ.ው ወደ ቪ.ኤስ.ኦ.ፒ.ው ተመላለሱ። አንዱ ውስጥ ኖሮ ሌላው ውስጥ የሌለው ያ ከሥር ያለው ነገር እሱ ነው።

አሁን ወደ አፍ

የመጀመሪያው ጉንጭ ለመቅመስ አይደለም። በጣም ትንሽ፣ የሻይ ማንኪያ ሩብ የማይሞላ ያዙ። አፍ ውስጥ አዙራችሁ ዋጡት። ይህ ምላስን ከአልኮሉ ጋር ለማስተዋወቅ ነው። መቃጠሉ ያልፋል።

ሁለተኛው ላይ ቀስ በሉ። ትንሽ ይዛችሁ ምላስ ላይ አኑሩት፤ እስከ አሥር ቁጠሩ። መጀመሪያ ጣፋጭነት ይሰማል። ቀጥሎ ክብደቱ ይመጣል። ቅባት ያለው ነው ወይስ ቀጭን? ከዚያ የእንጨቱ ማጠፍ ይከተላል። ጥሩ ያረጀ ኮኛክ ላይ ይህ ማጠፍ አለ፤ ግን አይነክስም። መጠጡ ሁሉን በአንድ ጊዜ ካወጣና ወዲያው ከጠፋ ወጣት ነው፤ ወይም ደካማ ቅይጥ ነው።

ስኳር ትንሽ መጨመርም የተፈቀደ ነው። ስለዚህ ጣፋጭነቱን ተጠራጠሩት። ከንፈር ላይ የሚጣበቅ፣ እንደ ሽሮፕ የሚቀር ጣፋጭነት የተጨመረ ነው ብዬ እገምታለሁ። ከፍሬና ከእንጨት የመጣው ይመጣና ይሄዳል፤ ከኋላው ደረቅነት ይተዋል።

ከዋጣችሁ በኋላ አፋችሁን ዝጉና በአፍንጫ ወደ ውጭ ተንፍሱ። ብዙ ሰው ይህንን አያደርግም። የመዓዛው ግማሽ የሚመለሰው በዚህ ትንፋሽ ነው። ከዚያ ምን ያህል እንደሚቆይ ጠብቁ። ቪ.ኤስ. ቶሎ ይጠፋል። ጥሩ የግራንድ ሻምፓኝ ኤክስ.ኦ. ለደቂቃዎች ይቆያል፤ እየቆየም ይለወጣል። ከብርቱካን ወደ ኮኮዋ፣ ከኮኮዋ ወደ ዋልነት ይሄዳል።

ከዚህ በኋላ ጥቂት ጠብታ ውሃ ሞክሩ። ከማንኪያ ጫፍ ሦስት አራት ጠብታ ይበቃል። አልኮሉ ሲረግብ ተደብቆ የነበረ አበባ ወይም ፍሬ ብቅ ሊል ይችላል። አንዳንዱ ቅይጥ ግን በውሃ ይፈርሳል። ስለዚህ ውሃውን መጨረሻ ላይ ነው የምመክረው።

አርማኛክን አትርሱ

ኮኛክን ከለመዳችሁ በኋላ አንድ ጠርሙስ አርማኛክ ፈልጉ። ወደ ደቡብ፣ በጋስኮኝ ምድር የሚወጣ የወይን አረቄ ነው። አብዛኛው የሚነጠረው አንድ ጊዜ ብቻ፣ በማያቋርጥ ማንጠሪያ ነው። ሲወጣም አልኮሉ ከኮኛክ ዝቅ ያለ ነው፤ ብዙ ጊዜ ከ52 እስከ 60 በመቶ። በዚህ ምክንያት ከወይኑ የሚመጡ ከባድ ሽታዎች ይበልጥ አብረው ይቀራሉ። ዩኒ ብላን እዚያም አለ፤ ግን ባኮ የሚባል የተዳቀለ ወይን ታላቅ ቦታ አለው፤ በተለይ ባ አርማኛክ በሚባለው አሸዋማ መሬት ላይ።

ኮኛክ ለስላሳና የታረመ ነው። አርማኛክ ሻካራና ፊት ለፊት ነው። የደረቀ ፕሪም ሽታው ጎልቶ ይመጣል፤ ቆዳና ትምባሆ ይከተላሉ። የዓመት ቁጥር የተጻፈበት አርማኛክ ማግኘት ቀላል ነው፤ ኮኛክ ላይ ግን ብርቅ ነው። የተወለዳችሁበትን ወይም የተጋባችሁበትን ዓመት ፈልጋችሁ መግዛት ከፈለጋችሁ እዚህ ሂዱ። ግን ከዓመቱ በተጨማሪ ጠርሙስ ውስጥ የገባበትን ዓመትም ፈልጉ። ዕድሜው በሁለቱ መካከል ያለው ነው። ለእኔ ገንዘብ አነስ ሲል ያረጀ አርማኛክ ከተመሳሳይ ዋጋ ኮኛክ ይሻላል።

ከምን ጋር?

ጥቁር ቸኮላት ከኤክስ.ኦ. ጋር ይስማማል፤ ኮኮዋው ከ70 በመቶ በላይ ቢሆን ይመረጣል። ሮክፎር አይብ የምታገኙበት አገር ካላችሁ ከራንሲዮ ጋር ሞክሩት፤ ዘመዳማቾች መሆናቸው አፍ ውስጥ ይታወቃል። የደረቀ በለስና ዋልነት ርካሽና አስተማማኝ ናቸው። ቅመም የበዛበት ምግብ ከበላችሁ በኋላ ግን አትቅመሱ። ሚጥሚጣ የነካው ምላስ ለሰዓት ያህል ሥራ አይሠራም።

ባዶው ብርጭቆና የተረፈው ጠርሙስ

ስትጨርሱ ብርጭቆውን አትጠቡት። ሌሊቱን ተዉትና ጠዋት አሽትቱት። አልኮሉ ሄዷል፤ የቀረው ከባዱ ብቻ ነው። ከወጣቱ ብርጭቆ ብዙውን ጊዜ ቫኒላ ብቻ ይመጣል። ከአሮጌው ቆዳ፣ ሰም፣ ትምባሆ፣ ደረቅ ፍሬ ይመጣል። ቅይጡ በእውነት ያረጀ ይዞ እንደሆነ ለመፈተሽ ከዚህ የሚቀል መንገድ የለም። ምሽት ላይ የጻፋችሁትንና ጠዋት ያገኛችሁትን ጎን ለጎን ጻፉ። ቀኑን፣ የጠርሙሱን ስም፣ ሦስት አራት ቃል ይበቃል።

ጠርሙሱን እንደ ወይን ጠጅ አታጋድሙት። ቆሞ ይቀመጥ፤ አልኮሉ ቡሹን ይበላዋልና። ፀሐይ ከሚያገኘው የቡፌ መስታወት ጀርባ ወደ ጨለማ ቁምሳጥን አዛውሩት። ያልተከፈተ ጠርሙስ ለብዙ ዓመት ሳይለወጥ ይቆያል። ከተከፈተ በኋላ ግማሽ ድረስ እያለ ለወራት አይጎዳም። ከግማሽ በታች ሲወርድ አየሩ ይበዛና መዓዛው ይደክማል። ያን ጊዜ ወደ ትንሽ ንጹሕ ጠርሙስ ገልብጡት፤ ወይም ሁለት ሰው ጠርታችሁ፣ መለኪያውን ደብቃችሁ፣ በወይን ብርጭቆ አብራችሁ ጨርሱት።